«ጥቁር ነን» ብለው የታገሉት ስደተኛ ሐኪም፦ ዶክተር መላኩ በያን

ባልባላ ውስጥ ማታ ማታ ሻይ የምንጠጣበት ቦታ አለ። ቤት የሚባል አይደለም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ጅቡቲን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ካምሲን መንፈስ ሲጀምር ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወጥቶ እዚያ ይሰበሰባል፤ ወሬውም ሙግቱም እዚያ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከባሕር ማዶ ተይዞ የተመለሰ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር። ታስሮ በቆየባቸው ወራት ጠባቂዎቹ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርተውት እንደማያውቁ ነገረን። «ጥቁሩ» ነው የሚሉት። ሲያበሉትም፣ ሲያስነሱትም፣ ሲመቱትም «ጥቁሩ»። ይሄን ሲናገር አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቅ ብሎ፣ «እነሱ ምን ያውቃሉ! እኛ እኮ ጥቁር አይደለንም፤ ሀበሻ ነን» አለ። ግማሹ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ግን ዞር ብሎ አየውና፣ «ዱላ ላነሳብህ ሰው ቀይ ዳማ ነኝ ብለህ ታስረዳዋለህ?» አለው። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

እኔ የዚያን ዕለት የዶክተር መላኩ በያንን ስም አነሳሁ። ከተቀመጡት ውስጥ የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን አያውቁም። በአሊ አዴና በሆልሆል ያላችሁ ወገኖቼም ብዙዎቻችሁ እንደዚያው እንደምትሆኑ ገምቼ ነው ይሄን የምጽፈው። ማንዴላን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማልኮም ኤክስንም ወጣቶቹ ያውቁታል። ሁለቱም ስማቸው ከመሰማቱ በፊት በኒውዮርክ ጎዳናዎች ላይ «ጥቁሮች አንድ ነን» እያለ ሕይወቱን የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ እንደነበረ ግን የሚነግረን የለም። (ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን ሐረር፣ በራስ መኰንን ግቢ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና ስለነበራቸው ልጅነታቸው የቤተ መንግሥት ልጅነት ነበር። ራስ ተፈሪ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ መላኩም ከተላኩት መካከል ሆኑ። መጀመሪያ ሕንድ አገር ነበሩ፤ ከዚያ በ1914 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ አገር መስኪንገም ኮሌጅ ገብተው በ1920 ዓ.ም. ተመረቁ። መስኪንገም የነጮች ኮሌጅ ነው። ቀጥሎ የሕክምና ትምህርት ሲመጣ የመረጡት ዋሽንግተን ያለውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ነው። ሃዋርድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው።

ይሄ ምርጫ ቀላል አይደለም። የዚያን ጊዜ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ የሚኖርባት አገር ነበረች፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ አውቶቡሱ ሁሉ። አንድ የኢትዮጵያ መኳንንት ልጅ ግን በር ሊከፈትለት ይችል ነበር። «እኔ የእናንተ ጥቁር አይደለሁም፣ የንጉሥ ዘመድ ነኝ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ያልፋል፤ እዚህ እኛም በየቢሮው በር ላይ «እኔ እንደነዚህ አይደለሁም» ስንል አይደል የምንውለው? መላኩ ያንን በር ትተው ወደ ጥቁሮቹ ሄዱ።

ጋብቻቸውም እንደዚሁ ነው። አገር ቤት የታጨችላቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ነበረች። ከዚያ የተሻለ ጋብቻ በዘመኑ አይገኝም። መላኩ ዕጮኝነቱን አፍርሰው በ1931 እ.ኤ.አ. ዶሮቲ ሃድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ጋብቻው ለእሳቸው የፍቅር ብቻ ሳይሆን የአቋምም ነገር ነበር። ኢትዮጵያውያንና ጥቁር አሜሪካውያን የአንድ ዘር ልጆች ናቸው ብለው በአደባባይ ይናገሩ ነበር፤ የሚናገሩትንም በቤታቸው አደረጉት።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በ1911 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የተላከ ልዑክ አሜሪካን ጎብኝቶ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም አብረው ነበሩ። መንግሥት በክብር ተቀበላቸው፤ ኒውዮርክ ያለ አንድ ክለብ ግን በቀለማቸው ምክንያት አላስገባም አላቸው። የንጉሥ መልእክተኛ ሆነህ ፊትህ ብቻ የሚታይበት ቦታ አለ ማለት ነው። በዚያው ልክ ፈረንጆች «ሐበሾች ጥቁር አይደሉም፣ እነሱም ጥቁሮችን ይንቃሉ» የሚል ወሬ ይነዙ ነበር። ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ይህ ወሬ በጣም ጠቀመው፤ ጥቁር አሜሪካዊው «እኔን ለማይፈልግ ሕዝብ ምን አገባኝ» እንዲል ያደርጋላ። መጥፎው ነገር ደግሞ ወሬው ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተፈጠረ አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ወሬው ግን ሰዉን አላቆመውም። በ1927 ዓ.ም. ጥቁር አሜሪካ ስለ ኢትዮጵያ ነደደ ቢባል ማጋነን አይደለም። ዓድዋን በልጅነታቸው የሰሙ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ጆ ሉዊስ የሚባለው ጥቁር ቦክሰኛ ያንን ግዙፍ ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ኒውዮርክ ላይ ዘርሮ ሲጥለው፣ ሃርለም ውስጥ የተጨፈረው ኢትዮጵያ ሙሶሊኒን ያሸነፈች ያህል ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ሰልፍ ወጣ። ለመዝመት የተመዘገበውም በሺህ የሚቆጠር ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ዜጎቹ በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። በመጨረሻ ተሻግረው የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከነዚያ አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህን ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም የመጣው በዚህችው በጅቡቲ በኩል ነው። ያደገው ሚሲሲፒ ነው፤ አብራሪ መሆን ሲፈልግ ቺካጎ ያለው የአውሮፕላን ትምህርት ቤት በጥቁርነቱ አልቀበልህም አለው። ምን አደረገ? እዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ክፍሉን እየጠረገ ትምህርቱን ይሰማል፣ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ይገለብጣል። ኋላ ግን አስገቡት፤ ተምሮ ጨረሰ፣ ሌሎች ጥቁሮችንም አስተማረ። ዶክተር መላኩ ስለዚህ ሰው ሰምተው ተገናኙት፤ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ መንገዱን የከፈቱለትም እሳቸው ናቸው። ሮቢንሰን ግንቦት 1927 ዓ.ም. በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ በባቡር አዲስ አበባ ገባ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ዓድዋን ከአየር ሲደበድብ እዚያው ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚባለው የዚያን ጊዜ ጥቂት፣ መሣሪያ የሌላቸው አውሮፕላኖች ነው፤ እሱ በነዚያ መልእክትና መድኃኒት እያመላለሰ ጦርነቱን ጨረሰ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎቻችንን አሠልጥኗል። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ዶክተር መላኩም በ1927 ዓ.ም. ከሃዋርድ ሐኪም ሆነው እንደተመረቁ ዶሮቲንና ትንሹን ልጃቸውን ይዘው አገር ቤት ገቡ። ወራት ሳይቆይ ጦርነቱ ተነሳ። በኦጋዴን ግንባር በሐኪምነት ሠሩ። የመርዝ ጋዝ የተረጨበት፣ ቀይ መስቀል ያለበት ድንኳን እንኳ በቦምብ የተመታበት ጦርነት ነው፤ ሐኪም ምን እንዳየ መገመት ይቻላል።

ከዚያ የሆነውን ጅቡቲ ታስታውሳለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው እዚህ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀን በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ሄዱ። በማግስቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። አሮጌው የባቡር ጣቢያ ዛሬም ከተማ ውስጥ ቆሟል፤ ባቡሩ ወደ ናጋድ ስለተዛወረ ተዘግቶ ነው ያለው። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው ንጉሡን ሳይሆን ከኋላ የቀረውን ሕዝብ ነው። በእግሩ ወደ ፈረንሳይ ሶማሌላንድ፣ ማለትም እዚሁ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ኬንያ የፈሰሰውን። ኬንያ ውስጥ እንግሊዞች ኢሲዮሎና ታቬታ በሚባሉ ቦታዎች ካምፕ አድርገው አኖሩት። የኢትዮጵያ ስደተኛ ካምፕ በእኛ አልተጀመረም ማለቴ ነው።

ዶክተር መላኩ የሚቀጥለውን ሥራ የሠሩት ለነዚህ ሰዎች ነው። በ1928 ክረምት ከሃርለም ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ለንደን ድረስ ሄደው ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገሩ። አንደኛው ቄስ ዊልያም ሎይድ አይምስ ነበሩ። ጥያቄያቸው፣ እኛ ገንዘብ እያዋጣን ነው፤ ግን ሕዝቡ የሚያምነው የራሳችሁ ሰው ላኩልን የሚል ነው። የተላኩት ዶክተር መላኩ ሆኑ። መስከረም 1929 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ኒውዮርክ ገቡ። ያን ጊዜ የ36 ዓመት ሰው ናቸው። አገራቸው ተይዟል፣ ሥራቸው ቀርቷል፣ እጃቸው ላይ ያለው የንጉሡ ወረቀት ብቻ ነው።

ሐኪም ሆነው ክሊኒክ ከፍተው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የያዙት ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን፣ ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞሩ መናገር ነው። የሚያዋጣው ሰው ደግሞ ሀብታም እንዳይመስላችሁ። ጊዜው በአሜሪካ ሥራ የጠፋበት የድህነት ዘመን ነው፤ ሃርለም ውስጥ የቤት ሠራተኞች፣ ምግብ አብሳዮችና የቀን ሠራተኞች ናቸው ሳንቲም የሚሰጡት። ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድር ሴት፣ አይታው ለማታውቀው ኢሲዮሎ ላለ ስደተኛ ሳንቲሟን ትሰጣለች። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

በጥር 1929 ዓ.ም. «ቮይስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚል ጋዜጣ ከዶሮቲ ጋር ጀመሩ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ ማለት ነው። ጋዜጣው የጦርነት ወሬ ብቻ አልነበረም የሚያወጣው። ጥቁሩ ሕዝብ ነጮቹ ባወጡለት «ኒግሮ» በሚለው ስም መጠራቱን ትቶ ራሱን «ጥቁር» ብሎ እንዲጠራ ይሰብክ ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ያንን ቃል በኩራት በሰፊው መያዝ የጀመሩት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እዚህ ባልባላ ውስጥ ሰው የሚሸሸውን ቃል አንድ የወሎ ልጅ ኒውዮርክ ላይ እንደ ባንዲራ ይዞት ነበር።

ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ሁለት ነው፤ ኢትዮጵያን መርዳትና በዓለም የተበተነውን ጥቁር ሕዝብ ማስተባበር። ከዚያ በፊት የነበረው የእርዳታ ኮሚቴ ውስጥ ስለ ገንዘቡ አያያዝም ስለ ፖለቲካውም ጭቅጭቅ ነበር። ስደት ላይ የቆየ ሰው ኮሚቴና ጭቅጭቅ እንደማይለያዩ ያውቃል፤ እዚያም ያው ነው። ቅርንጫፎቹ በአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ተስፋፉ፤ ኪንግስተን ጃማይካ በ1938 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የራስ ተፈሪያን እምነት ሰዎች ከማኅበሩ ጋር የተያያዙት በዚያ ነው። ሻሸመኔ ያለው 5 ጋሻ መሬት፣ 200 ሄክታር ማለት ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቁር ሕዝቦች የተሰጠው በዚሁ ማኅበር በኩል ነው። የሻሸመኔ ልጆች ከሆናችሁ እነዚያን ጃማይካውያን ጎረቤቶቻችሁን ማን እንዳመጣቸው አሁን አወቃችሁ።

ሁሉም ሰው አጨበጨበላቸው ማለት አይደለም። ታዋቂው ጃማይካዊ ታጋይ ማርከስ ጋርቬይ በዚያው ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱን ክፉኛ ይተች ነበር። ጥቁር ሕዝብ እያለቀሰላቸው እሳቸው የሚያዩት ወደ ነጮች ነው፣ በነጮች አማካሪና በነጮች ቃል ኪዳን ታምነው ወደቁ፣ ነበር የሚለው። ዶክተር መላኩ የዚህ ትችት መልስ ሆነው የቆሙ ሰው ናቸው። ጋርቬይ ውሸታም ነበር ለማለት ግን አልደፍርም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል እንድትገባ ተደርጋ ነው፤ አዋጅ በአዋጅ ላይ ወጣ፣ ባርነቱ ግን ነበር። ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከተመለሱ በኋላ ነው። ዶክተር መላኩ ሃርለም ላይ ስለ ጥቁር አንድነት ሲናገሩ አገር ቤት ውስጥ ሰው በሰው ይገዛ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ እንደ ዘረኝነቱ ጮክ ብለው አለመናገራቸው የሥራቸው ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። የንጉሥ ወረቀት የያዘ ሰው ንጉሡን ለመንቀፍ አይመቸውም።

በ1939 እ.ኤ.አ. «ዘ ማርች ኦፍ ብላክ ሜን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ የጥቁር ሰዎች ጉዞ እንደማለት ነው። ሕይወታቸውንና ያመኑበትን የጻፉበት ነው። በዚያ ጊዜ ጤናቸው እየላላ ነበር፤ ዕረፍት የሚባል አያውቁም። በመጨረሻ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ በ40 ዓመታቸው ሞቱ። ቀኑን አያችሁት? ንጉሡ ከጅቡቲ ወደብ የተነሱበት ቀን ነው፣ ልክ አራት ዓመቱ። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ነጻነቱን ለማየት የቀራቸው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነበር።

ይሄን ሁሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ በዚህ መልክ አልተናገርኩትም፤ ብጣሹን ነው የነገርኳቸው። «ሀበሻ ነን» ያለው ሰውዬ ግን ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ «እሺ፣ ጥቁር ነን እንበል፤ ምን ይጠቅመናል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዱላ ለሚመታ ሰው ምንም አይለውጥም። እኔ የመለስኩለት የሚጠቅመው ለእኛ ለራሳችን ነው ብዬ ነው፤ ምክንያቱም «እኛ ጥቁር አይደለንም» የምትለዋ ቃል ስትጨርስ የምታርፈው ሌላ ሰው ላይ ነው። ከጋምቤላ የመጣው፣ ከቤንሻንጉል የመጣው ወገናችን አብሮን ውኃ ወረፋ ላይ ቆሞ ምን ሲባል እንደሚውል ታውቃላችሁ። ያንን የሚለው ዓረብ አይደለም፣ ፈረንጅም አይደለም።

ይሄ የምንኖርበት ባልባላ ራሱ የተቆረቆረው በአጥር ምክንያት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ደጎል ሊጎበኝ መጥቶ ረብሻ ከተነሳ በኋላ ፈረንሳዮች ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጥረው ወረቀት የሌለውን ሕዝብ ከውጭ አስቀሩት። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው እዚህ ኮረብታ ላይ ጎጆ ቀለሰ። ዛሬ አጥሩ የለም። እኛ ግን በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሌላ አጥር እንሠራለን።

ሌላውን ስወቅስ የራሴን ልተው አልፈልግም። ደሴ ውስጥ ስማር አንድ ዴስክ ላይ አራት ዓመት አብሮኝ የተቀመጠ ልጅ ነበር። በጣም ጥቁር ነው። ሁላችንም «ሻንቅላ» ነበር የምንለው፤ መምህሩ እንኳ አንዳንዴ በዚያ ይጠራው ነበር። ሒሳብ ከኔ ይበልጣል፤ እየሰጠኝ ነው ያለፍኩት። ያ ከባሕር ማዶ የተመለሰው ልጅ «በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም» ሲል የመጣብኝ እሱ ነው። ስሙን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ባለፈው እሑድ ደሴ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። ልጁን ወዲያው አወቀው፤ ቤታቸው የት እንደነበረ፣ አባቱ ምን ይሠራ እንደነበረ ሁሉ ነገረኝ። «ስሙስ?» ስለው ግን ዝም አለ። ሰፈር ውስጥ የቀሩ ሰዎችን ጠይቆ እንደሚደውልልኝ ነግሮኛል።